የጋራ ግድግዳ

«እትዬ በላይነሽ ከቤታቸው አልወጡም ነው የሚባለው» አለ ጫምሳ፣ የእህቱን ፍራሽ ወደ ኮንዶሚኒየሙ እያስገባ። ደረጃውን ሲወጣም ይህንኑ ሲል ነበር።

«ወሬ ከምትሸከም ቁምሳጥኑን ተሸከም! ልጃቸው መሳይ ጠዋት ቡልቡላ ወስዷቸዋል» አለች አያንቱ። እሷና እትዬ ጎን ለጎን የኖሩባቸውን የቀበሌ ቤቶች ዶዘር ቀትር ላይ ጠርጓቸዋል።

እዚያ ከእትዬ የሚለያት አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር፤ ውሃ መምጣቱን ቀድሞ ያየ ግድግዳውን ይመታል፣ ሌላው መትቶ ይመልሳል። አሁን ቧንቧውን ስትከፍት ውሃው ወረደ፤ እጇም በልማድ ግድግዳውን መታ።

ከወዲያ ተመለሰላት። ሁለት ለስለስ፣ አንድ ጠንከር፤ የእትዬ አመታት።

በመስኮት ብቅ ብላ አየች። ከግድግዳው ወዲያ የሦስተኛ ፎቅ አየር ብቻ ነው።

ስልኳ ጮኸ፤ መሳይ ነበር። «አያንቱዬ፣ መኪና አጥቼ ከቡልቡላ ሳልነሳ ቀረሁ። እማዬን ይዘሻት ሄደሻል አሉኝ፤ ተባረኪ። እስቲ አቅርቢልኝ።»