ቦርሳ ውስጥ የምትገባዋ ሚክሰር

ሚጢ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ የደብተር ቦርሳዋን ባዶ አድርጋ ትልቁን የድምፅ ማቀላቀያ ሚክሰር ልታስገባበት ትታገላለች። ዚፑ ግማሽ ላይ ድርቅ ይላል።

«ልጄ፣ እሱ እኮ ለስታዲየም ነው» ይላል ባለሱቁ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «ስንት ናችሁ?»

«አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ጊታር፣ አንድ እሷ» በሩን ተደግፋ የቆመችውን ታላቅ እህቷን በአገጯ ታሳያለች። «ቅዳሜ ልደት ላይ እንሠራለን። የምንሄደው በታክሲ ስለሆነ ጭኔ ላይ መቀመጥ አለበት።»

«እኔን ተዪኝ!» ትላለች እህቷ። «ኪቦርድ እሸከማለሁ እንጂ አልዘፍንም ብያለሁ። ያለፈው አልበቃሽም?»

ያለፈው ማለት የአክስታቸው ልጅ ሰርግ ነው። ሚክሰሩ የውሰት ነበር። የእህቷ ድምፅ ከኪቦርዱ ስር ሰጥሞ ቀረ፣ አፏ ብቻ ይከፈታል ይዘጋል። አንድ አጎታቸው «ልጅቷ ዓሣ ናት እንዴ?» አለ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ሻወር ቤት እንኳን አታንጎራጉርም። ሦስት ወር! ሳትዘፍን ፊቷን ታጥባ የማታውቅ ልጅ! ሚጢም የራሳችን ሚክሰር ካልገዛን ብላ ቤቱን ያመሰችው ለዚሁ ነው።

ባለሱቁ ከመደርደሪያው መጽሐፍ የምታክል ሚክሰር ያወርዳል። አራት የድምፅ መስመር ብቻ፣ ዋጋዋም የማያስደነግጥ። ቦርሳው ውስጥ ገብታ ለምሳ ዕቃ ቦታ ይተርፋል። ከሱቁ ስፒከር ጋ ያገናኝላታል፣ ሚጢ ማይኩን ትሰካለች።

«አንድ፣ ሁለት...»

የትንኝ ድምፅ።

«ይቺም የሞተች ናት!»

«እሷ ምን አደረገችሽ?» ባለሱቁ ይስቃል። «የኪቦርዱ መሰኪያ ላይ ሰክተሽ! ማይክ ለብቻው አቅም የለውም፣ የሚያግዘው ይፈልጋል። የሱ ቦታ ይቺ ባለሦስት ዓይኗ መሰኪያ ናት።» ገመዱን ይቀይርላታል።

ሚጢ እጇ አየር ላይ ይቀራል። ሰርጉ ላይም እንዲሁ ነው የሰካችው። በገዛ እጇ።

ዝም ብትል ማን ያውቃል? ጥፋቱ የውሰቱ ሚክሰር ነው ተብሎ ያልቃል። ግን እህቷ ሚክሰሩን መቼ ጠረጠረች? ራሷን ነው እንጂ።

«እታለም» ትላለች፣ ስታጠፋ ብቻ በምትጠራት ስም። «ሰርጉ ላይ... ድምፅሽ ምንም አልሆነም ነበር። እኔ ነኝ። ማይክሽን የማይሆን ቦታ ሰክቼው ነው።»

እህቷ በሩን ትለቃለች። «ምን?»

«አሁን ነው የገባኝ፣ ሙቺ!»

«ሦስት ወር ሙሉ ዓሣ የሆንኩት አንቺ ገመድ መሰካት አቅቶሽ ነው?»

ሚጢ ጥፊ ጠብቃ ትከሻዋን ትሰበስባለች። እህቷ ግን ማይኩን ከእጇ ትመነትፋለች።

«ይቺን ልጠቅልላት?» ይላል ባለሱቁ።

እህቷ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። መጀመሪያ የምትዘፍነው ቀስ ብላ ነው፣ ሻወሩ እስኪሞቅ በጣቷ እንደምትነካ። ሚክሰሯ ላይ አንድ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይላል፣ ደግሞ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ከዚያ ቢጫው። መንገድ ላይ አንድ ሰው ቆም ይላል።

ድምፁ በዝቶ ቀዩ ሊበራ ሲል ሚጢ የድምፅ ቁልፏን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ታች ትመልሳለች።