ጠብቆ የሚነበብ

አራተኛው መስመር ላይ ስትደርስ፣ በእጇ ላይ የነበረው የሳሙና አረፋ ወረቀቱን እያራሰው መሆኑን እንኳ ልብ አላለችም።

"ሰፊዋን እስከ ዓመቱ መጨረሻ የራሴ ማድረግ።"

ደግማ አነበበችው። ማንበብ እንጀራዋ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ጽሑፍ ስታርም የኖረች ሴት ናት፣ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አታመልጣትም። የባሏ የእጅ ጽሑፍም አይጠፋትም። ጣውላ በሚያሰምርበት በዚያ ወፍራም እርሳስ ረግጦ ረግጦ ነው የጻፈው።

ወረቀቱን ያገኘችው ቱታውን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ነው። ባለፈው ሳምንት ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል። ሬዲዮ ላይ "በአንድ ወገን ያለፈውን፣ በሌላው ወገን የወደፊት ግባችሁን ጻፉ" ሲሉ ሰምቶ፣ ከዚያ ወዲህ ሲጽፍ ሲሰርዝ ነው የሰነበተው። እሷ ስትገባ አጥፎ ኪሱ ይከታል። "ምንድን ነው?" ስትለው "እንዲያው ነው" ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ስትኖር እንዲያው የሆነ ነገር ሲደብቅ አይታው አታውቅም።

ሰፊዋ ማን እንደሆነች ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። ከባሏ የእንጨት ሥራ ቤት ትይዩ ልብስ የምትሰፋ ሴት አለች፤ መንደሩ ሁሉ "ሰፊዋ" እያለ ነው የሚጠራት። ባሏ ከሞተባት ሁለት ዓመት የሆናት መበለት ናት። ሳቂታ ናት፤ ሲበዛ ሳቂታ። ባለፈው ወር የባሏ የሸሚዝ ቁልፍ ተበጥሶ ነበር፣ ሚስቱ ሳትነካው ተሰፍቶ መጣ። ያኔም ነገሩ ሸቷት ነበር። "አይ የእኔ ክፉ ልብ!" ብላ ነው የተወችው። አሁን ግን ቁልፉም፣ ከሥራ ታጥቦ መምጣት መጀመሩም፣ በዚህ ዕድሜው ያመጣው ማፏጨትም አንድ ላይ መጡባት።

የራሴ ማድረግ! ለዚያውም በግብ ደረጃ፣ ለዚያውም ቀን ተቆርጦለት።

ባሏ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሞ ግማሽ ፊቱን ተላጭቷል። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። እንዳትጮህ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር።

"ለመሆኑ እኔስ የት እንድገባ ነው ያሰብከው?"

"የት ትገቢያለሽ?" ምላጩን እንደያዘ ዞረ።

"እሱን አንተ ታውቃለህ። ይሄን አንብብልኝ።"

ወረቀቱን ሲያይ ደነገጠ፤ ዓይኑንም ሰበረ። አመነ ማለት ነው።

"ኪሴን መበርበር ጀመርሽ?" አላት።

"ልብስህን ላጥብልህ ብዬ ነው! አታነብም? ግድ የለም፣ እኔ አነብልሃለሁ። 'ሰፊዋን እስከ ዓመቱ መጨረሻ የራሴ ማድረግ።' አታፍርም? በሃምሳ ዓመትህ? ያውም ከደጃፍህ ፊት ለፊት!"

አፉን ከፍቶ አያት። ቀስ እያለ ገባውና ምላጩን አስቀምጦ ሳቀ። የጉንጩ አረፋ እስኪረግፍ ሳቀ።

"ሰፊዋን አይደለም እኮ፣ ሰፊዋን!"

"ምን ልዩነት አለው?"

"አንቺ ሴትዮ፣ 'ፊ'ን አጥብቀሽ አንብቢያ!" ሁለት ክንዱን ግራና ቀኝ ዘረጋ፤ አንዱ እጁ ፎጣ መስቀያውን መታው። "ከሥራ ቤቴ ጎን ያለችውን ሰፊዋን ክፍል! በእኔ ጠባብ ክፍል አንድ ቁም ሳጥን ከቆመ መላወሻ የለም ስልሽ አልከረምኩም? የተከራያት ሰውዬ ሊለቅ ነው።"

"ታዲያ ምን አስደበቀህ?"

"ሳይሳካ ቢቀር እንዳላፍር ነዋ።"

"ቁልፉስ? የሸሚዝህ ቁልፍ?"

"የጠረጴዛዋን እግር ጠገንኩላት፣ ሰፋችልኝ። ኧረ በፈጠረሽ!"

የገንዳው ጠርዝ ላይ ዝርፍጥ አለች። "ይህ ቃል ይላላል ወይስ ይጠብቃል?" እያለች ስንቱን ደራሲ በስልክ መከራ ያሳየች ሴት! ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ እንባም ተቀላቀለበት። ባሏ "ለመሥሪያ ቤት ሰዎች እንዳትነግሪያቸው፣ ያባርሩሻል" ብሎ ወደ መስታወቱ ተመለሰ።

እፎይ ብላ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ቅድም ከአራተኛው መስመር በቀር ምንም አልታያትም ነበር። አሁን እንደ ሥራ ልማዷ ከላይ ጀምራ፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

በግራ በኩል ያለፈው፦ ከአጎቴ ሙያ ተማርኩ። ለትምህርት ቤቱ ስልሳ ዴስክ ሠራሁ። አባቴን ጦርኩ፣ ቀበርኩ። ልጄን ለወግ ለማዕረግ አበቃሁ።

በቀኝ በኩል የሚመጣው፦ ሲጋራ መተው። እናቴን በወር ሁለቴ መጠየቅ። ዋና መማር። ሰፊዋ። ከወንድሜ ጋር መታረቅ። ባሕር ማየት።

ከታች ወደ ላይ ደገመችው። አላልታም አነበበችው፣ አጥብቃም አነበበችው። "ልጄ" የሚለው ላይ ጣቷ ትንሽ ቆየ፤ "ልጃችን" አይልም።

"ስማ፣" አለችው፣ ጣቷን ከወረቀቱ ሳታነሳ። "እዚህ ላይ አንድ ነገር ተዘሏል።"

"በየትኛው በኩል?"

"በሁለቱም።"

ፊቱን በፎጣ እየጠረገ መጥቶ በትከሻዋ ላይ ጎንበስ አለ። የምር ሊፈልግላት ነው የመጣው፤ ጥያቄዋን እንደ ቀልድ እንኳ አልወሰደውም። እርጥብ ጣቱን መስመሮቹ ላይ እያሳረፈ ግራውን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ቀኙንም እስከ ስድስት ቆጠረ።

"ሙሉ ነው እኮ፣" አላት። "ምንም አልጎደለም።"