ባለ አንድ ሕዋስ

ወባ የገባችው ማሽላው ሳይታጨድ ነው። አጫጁ ሁሉ አልጋ ላይ ዋለ፤ እህሉን ወፍ በላው።

የጤና ሠራተኛዋ መንደሩን ሰብስባ አስተማረች። "የወባ ተሕዋስ ባለ አንድ ሕዋስ ናት፤ ሁሉን ብቻዋን ትሠራለች። የሰው ሕዋሳት ግን ሥራ ተከፋፍለው፣ ተደጋግፈው ነው የሚኖሩት።"

አያ ጓንጉል ከዕድር ከወጣ ቆይቷል። "ብቻዋን ሆና አይደል ይህን ሁሉ መንጋ የጣለችው? እናንተ ተደጋግፋችሁ አብራችሁ ወደቃችሁ!" ብሎ ሳቀባቸው።

በማግስቱ ጎረቤቱ በላቸው ራሱን ሳተ። ቃሬዛው አራት ትከሻ ይፈልጋል፤ የቆመ ሰው ሦስት ብቻ ተገኘ። አያ ጓንጉል ከደጁ ሆኖ አያቸው፤ እንትፍ አለና መጥቶ አራተኛውን ጫፍ ተሸከመ።

ጤና ጣቢያው ደጃፍ ሲያወርዱት በላቸው ዓይኑን ገለጠ።

"በተስቦው ዓመት ተሸክመኸኝ ነበር" አለው አያ ጓንጉል። "ይኸው ከፈልሁህ። ከእንግዲህ እንዳትጠራኝ።"