ዘጠኝ መቶ አሥራ ሰባት

ጠቅላላ ወጪው አንድ የጭነት መኪና ነበር። ጋሽ ሚዛን ከሁለቱ መኪኖቹ ጎማው አዲስ የሆነውን ሸጦ፣ ገንዘቡን እንዳለ ለልጁ አስጠኚ መደበው።

ጋሽ ሚዛን እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ቁራጭ ብረት በጆንያ ከመልቀም ተነስቶ የብረታ ብረት መጋዘን ባለቤት የሆነ፣ ሚዛኑንም ማንንም አስነክቶ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ሠራተኞቹ ያወጡለት ነው። አሁን የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በየዓመቱ አሥራ አንድ ሺህ ሰው ተፈትኖ ስልሳ ብቻ ወደሚያልፍበት ዩኒቨርሲቲ ከእሱም ቤት ሰው እንዲገባ።

«ከስልሳው አንዱ ከኔ ቤት ካልሆነ፣» አለው አስጠኚውን በመጀመሪያው ቀን፣ «መኪናዬን ካጥንትህ ላይ መዝኜ ነው የምወስደው።»

አስጠኚው ቀጭን፣ የሸሚዙ ኮሌታ የሳሳ ሰው ነው። ሳቀ። ጋሽ ሚዛን አልሳቀም።

ጫኝና አውራጆቹ ልጁን «ፕሮፌሰር» ይሉታል። ልጁ መሪ እንጂ እርሳስ መጨበጥ እንደማይሆንለት ሁሉም ያውቃል። «በኪሎ የሚያስገቡ ከሆነ እኮ ፕሮፌሰራችን ያልፋል፣ ጋሽ ሚዛን» አለ አንዱ። የዚያን ቀን የቀልደኛው ሂሳብ ጎድሎ ተከፈለው።

ጥናቱ ሳሎን ውስጥ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። ሚስትየው ሹራቧን ይዛ ጥግ ላይ ትቀመጣለች።

«ልጁ እንዳያንቀላፋ ነው» አለች።

ጋሽ ሚዛን ደስ አለው። የዛሬ ሃያ ዓመት ሲያገባት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ገና መጨረሷ ነበር፤ ደብተሮቿ ለሚስማር መጠቅለያ ጠቅመውታል። «የኔዋ ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት ናት» እያለ በሰው ፊት ይኮራባታል። ውሸቱን አይደለም። «አንቺ» ሲላት ቃሉ ከአፉ ሳያልቅ «አቤት» ትላለች።

በዚያ ዓመት ግን ሦስት ጊዜ መጥራት ጀመረ።

መቁጠር ልማዱ ነውና ሌላውንም ቆጠረ። ሹራቡ በስድስት ወር አንድ እጅጌ ብቻ ሆኗል። ሚስቱ ዕቃ ስታጥብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እሱ ሲገባ ዝም ትላለች። የጆሮዋ ወርቅ የለም።

«የት አደረግሽው?»

«ተሰብሮ ለጥገና ሰጠሁት።»

ሦስት ግራም አይሞላም። ቢሆንም ወርቅ ነው። ሳምንት ቆጠረ፣ ወር ቆጠረ፤ ወርቁ አልተመለሰም።

አንድ ቀን ከመጋዘን ቀደም ብሎ ሲመጣ ከሳሎን ሳቅ ሰማ፤ የሷንና የአስጠኚውን። ልጁ ሶፋው ላይ ተዘርሮ ተኝቷል።

«ምንድን ነው የሚያስቀው?»

አስጠኚው ወረቀት አጠፈ። እሷ ሹራቧን አነሳች።

«ስህተት ነው» አለች። «ሞኝ የሚሠራው ስህተት።»

በማግሥቱ ቦርሳዋን ፈተሸ። ጉርድ ፎቶ አገኘ፤ አዲስ፣ ጸጉሯን አስተካክላ የተነሳችው። ፎቶ ቤት የሚያትመው አራት አራት ነው። ቦርሳው ውስጥ ያለው ሦስት። አራተኛው ማን ኪስ እንደገባ ለማወቅ ሚዛን አላስፈለገውም።

ለማንም አልተናገረም። ዝገት የሚበላው ከውስጥ ነው፤ የውጭው ቀለም እንዳለ ይቆያል። አስጠኚውንም ቢሆን ከፈተናው በፊት ማባረር ኪሳራ ነው፤ ሥራውን ይጨርስ።

በፈተናው ቀን ሚስትየው «በር ላይ ሆኜ እጠብቀዋለሁ» ብላ ከልጁ ጋር ወጣች። ሲመለሱ የሁለቱም ዓይን ቀልቷል፤ ሁለቱም ምግብ አልፈለጉም። ጋሽ ሚዛን የልጁን የፈተና ካርድ ተቀብሎ ቁጥሩን በቃሉ ያዘ። ዘጠኝ መቶ አሥራ ሰባት።

አስጠኚውን መጋዘን ድረስ አስጠራው።

«እህስ?»

«ጋሼ፣ ከቤትዎ ሰው ይገባል። አንገቴን እሰጣለሁ።»

ጋሽ ሚዛን አንገቱን አየው። «መዝኜዋለሁ» አለ።

ውጤቱ በሚነገርበት ጠዋት ሚስትየው «ጉዳይ አለኝ» ብላ ቀድማ ወጣች። ጋሽ ሚዛን ከቁርጥራጩ ክምር አንድ ክንድ የምትሆን ፌሮ መርጦ ኮቱ ውስጥ ሸጎጠ። ልጁ አየው።

«አባዬ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«መክፈያ።»

«እባክህ አባዬ፣ መጀመሪያ ጥሪው ይለቅ።»

«እሱማ ያልቃል።»

የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። የአሠራሩ ደንብ እንዲህ ነው፦ ያለፈ ሰው ቁጥሩ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይጠራል፣ ወጥቶ ፖስታውን ይቀበላል። ያልተጠራ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጋሽ ሚዛን ሰው እየገፋ ሲገባ ዓምዱ ሥር ሁለቱን አያቸው፤ ሚስቱንና አስጠኚውን፣ ጎን ለጎን። በአንድ እጇ የሰውየውን ክንድ ጨብጣለች። ሌላውን እጇን ኪሷ ውስጥ ከታለች።

«ስምንት መቶ ሰማንያ አራት» አለች ጸሐፊዋ።

አንዲት ልጅ እያለቀሰች ወጣች።

«ዘጠኝ መቶ አሥራ ስምንት።»

ጋሽ ሚዛን በቁጥር አይሳሳትም። አሥራ ሰባት ታልፏል። ዞሮ ልጁን አየ፤ ልጁ ጫማውን ያያል።

ፌሮውን በኮቱ ውስጥ ጨብጦ ወደ ዓምዱ አመራ። በየእርምጃው ሂሳቡን አወራረደ። መኪናው ተሸጧል። ልጁ ቀርቷል። ሚስቱ ተወስዳለች። ወጪ ሦስት፣ ገቢ ባዶ።

ሁለት እርምጃ ቀረው።

ጸሐፊዋ ከወረቀቷ ቀና ብላ አዳራሹን ቃኘችና ያንኑ ቁጥር ደገመች። «ዘጠኝ መቶ አሥራ…»

«አቤት» አለች ሚስቱ፣ ቁጥሩ ሳያልቅ።