ሁለት ስም፣ አንድ አሻራ

«እስቲ ይሄን ነገር እዪልኝ፤ አልጫን ብሎ አስቸገረኝ» አሉ አለቃዋ፣ ክንዳቸውን የወንበሯ መደገፊያ ላይ ጣል አድርገው። ቢሮ ዘግተው ስንት ወር ለፋሁበት ያሉት አዲሱ ፕሮግራም ነበር፤ ከሰዓት ለደንበኞች ሊያሳዩት ነው። ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሊኑክስ ግን አሻፈረኝ ብሏል። ስክሪኑ ላይ የወጣው ቀይ መስመር፣ የአዲሱ ፋይል መለያ ማሽኑ ላይ ካለ ከሌላ ፋይል መለያ ጋር አንድ ነው ይላል። ያኛው የእሷ ነበር። አምና ሠርታ ስታቀርበው «አይረባም» ብለው የጣሉት።

መለያ በዘፈቀደ አይሰጥም፤ ከፋይሉ ሆድ ነው የሚወጣው፣ እንደ ጣት አሻራ። ሁለቱን ፋይሎች አስተያየቻቸው። ከስማቸው በቀር ቅንጣት ልዩነት የላቸውም። ሰውየው ፋይሉን ከኮዱ እንደገና ለመገንባት እንኳ ሳይደክሙ ስሙን ብቻ ቀይረውታል። እጅ ከፍንጅ የሚሉት ይሄ ነው። ጣቷን ቀዩ መስመር ላይ አሳርፋ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው እኮ ነው የሚለው።»

ጣቷን አዩት። ፊታቸው ላይ ምንም አልተነቃነቀም።

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ያንቺን አጥፊዋ።»

ጎንና ጎኗ ያሉት ባልደረቦቿ ሰምተዋል፤ ሁሉም ኪቦርዱ ላይ አቀረቀረ። የራሷን ማጥፊያ ትእዛዝ ጻፈች፤ ጣቷ ኢንተሩ ላይ ጥቂት ቆይቶ ተጫነው። የእሳቸው ወዲያው ተጫነ።

ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። «አየሽ? ችግሩ ያንቺው ነበር።»