ቁጣ ነው አሉ

የገናው ዱላ ሰውየውን ጭንቅላቱ ላይ ሲያገኘው፣ መቺው በድንበር የተኳረፈው ጎረቤቱ ነበር። ሰውየው ግን አቧራውን አራግፎ ተነሣና "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብሎ ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ግን ዋርካው ሥር እንደ ተቀመጠ ፈዘዘ፤ ቢጠሩትም ቀና አላለም።

ከጤና ጣቢያ የተጠራችው ነርስ የደም ግፊቱን ለካች፤ መቶ ሰማንያ። ደግማ ለካች፤ ሁለት መቶን አለፈ።

"ደሙን ያፈላው ያመቀው ቁጣ ነው" አሉ ሽማግሌዎቹ። "ቢታረቅ ይወርድለታል።"

"አባቶቼ፣ የተቆጣ ሰው ልቡ ይሮጣል፤ የእሱ ግን ቀስ እያለ ነው። ውስጥ የፈሰሰ ደም አንጎሉን እየተጫነው ይሆናል። ቃሬዛ አምጡና ወደ መኪና መንገድ እናውርደው!"

"ቂም ይዞማ ቃሬዛ ላይ አይወጣም፣ ልጄ። ጥቂት ታገሺ።"

ጎረቤቱ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ እግሩ ሥር ተደፋ። ሽማግሌዎቹ "ስለ እግዚአብሔር ማረው" እያሉ ለመኑ። ነርሷ የሰውየውን የእጅ አንጓ ይዛ ምቱን ትቆጥራለች፤ ከአርባ በታች ወርዷል።

ሰውየው ራሱን ቀስ ብሎ ወደ ደረቱ ደፋ።

"ማረው! እሰየው!" እልልታው ቀለጠ። ጎረቤቱ እያለቀሰ ጉልበቱን ሳመ።

ነርሷ ጣቶቿን ከእጁ አላነሳችም። የሚቀጥለውን ምት እየጠበቀች ነበር።