የሰኔ ገና

ውሃው ለብ ከማለት እንዳያልፍ አምባቸው ከድስቱ ሥር አንድ ጉማጅ እንጨት ጎትቶ አወጣ። ጠፍር ከፈላ ይኮማተራል፤ ከተኮማተረ ደግሞ እጀታ ላይ አይጠመጠምም። ጣቱን ነክሮ ሙቀቱን ለካና ጓሮው ውስጥ ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ዱላውን ጭኑ ላይ አስተኛው።

ዱላው ዘንጉ ወይራ፣ ጫፉ ብረት ነው። አምባቸው አዲስ አበባ የጎልፍ ሜዳ ላይ የፈረንጆችን ከረጢት ሲሸከም አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል፤ ብረቱን የሰጠው ዘንጉ የተሰበረበት አንድ ሰውዬ ነው። አገሩ ከተመለሰ ወዲህ ሦስት ዘንግ ቀይሮለታል። የክትክታው ተሰነጠቀ። የቀርከሃው እንደ አለንጋ ይወዛወዝ ነበር። ይህን ወይራ ግን አባቱ የገና ዱላ በሚያበጁበት መንገድ ትኩስ አመድ ውስጥ ቀብሮ አቃንቶታል፤ ከዚያም ሞራ እያጠጣ አራት ወር ጠበቀው። የቀረው እጀታው ብቻ ነው።

ራዲዮኑ በሩ ደፍ ላይ ያወራል። የትልቁ የጎልፍ ውድድር ፍጻሜ ትናንት ነበር። የእንግሊዝኛው ዜና ሊያልቅ ሲል፣ ከእግር ኳሱና ከፈረሱ ቀጥሎ፣ ስለ ጎልፍ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይባላል። አምባቸው የራዲዮኑን ባትሪ ድንጋዮች ፀሐይ በወጣች ቁጥር የሚያሰጣቸው ለእነዚያ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ነው። የመንደሩ ሰው ግን የታሰሩትን ሚኒስትሮች ስም የሚከታተል ይመስለዋል።

"ቤቶች! እንዴት ዋላችሁ?"

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ዓሊማ ናቸው። ባላቸው ሸህ ከማሉዲን ቁርአን ያስቀሩ ነበር፤ ተማሪዎቻቸው እህል ፍለጋ ሲበተኑ እሳቸውም ወደ ደሴ ከወረዱ ሁለት ሳምንት አለፋቸው።

"ይግቡ እትዬ ዓሊማ" አለና ሊነሳ ሲል፣

"በአላህ፣ ተቀመጥ!" አሉት። ዱላውን አይተው ሳቅ አሉ። "አሁንም ከዚሁ ጋር ነህ? በሰኔ ገና የሚጫወት ሰው ያየሁት አንተን ብቻ ነው። ገናውስ ይሁን፣ ተጋጣሚህ ማነው?"

"ጉድጓዱ ነው አላልኩዎትም?"

"ጉድጓድ ይሸነፋል?"

"ፈረንጆቹም የሚያሸንፉት አልፎ አልፎ ነው።"

እየሳቁ አረፍ አሉ፤ ዓይናቸው ድስቱ ላይ ወደቀ። ሳቃቸው ቆመ። ጠፍሩ ውሃው ውስጥ ረጥቦ፣ አብጦ፣ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

"ጾም አይደል እንዴ የያዛችሁት?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ነው፤ የሰኔ ጾም።"

"ዋ አምባቸው!"

ምን እንዳሰቡ የገባው ቆይቶ ነው። በሽሎ ቆላ ሰዉ ርሃብ ጠንቶበት የአልጋውን ጠፍር፣ የቀንበሩን ምራን እየቀቀለ መብላቱን ያልሰማ የለም። ክርስቲያን ሰው በጾም ጠፍር ጥዶ ከተገኘ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ ነገር የለም።

አፉን ከፈተ። ለመጫወቻ ነው ይበል?

ዓሊማ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈቱ። ሁለት እፍኝ የማይሞላ የገብስ ቆሎ ነበር። "አብሽር" አሉት። "ይህን ቆርጥም። ጠፍሩን ጣለው፣ ሆድ ይነፋል። ጾምህንም አትግደፍ።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ..."

"ዝም በል። የጎረቤቴን ድስት አይቼ አላወራም።"

"እርስዎስ?"

"የአሮጊት ሆድ እንደ ስልቻ ነው፤ ሲያስሩት ይታሰራል። ሸሁም ዛሬ ነገ ይመጣሉ፤ አላህ ያግራው።"

አልቀበልም ቢል ንቀት ነው። እውነቱን ቢናገር ከንቀትም ይከፋል። በሁለት እጁ ተቀበለ። ዓሊማ ግን አልሄዱም፤ ሲቆረጥም ማየት ፈልገዋል። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበርና በጾሙ ማሳበብ አልቻለም። አንድ ፍሬ አፉ ውስጥ ጣለ። የመቆርጠሙ ድምፅ እንደ ጠጠር ተሰማው።

"እንዲያ ነው" አሉና ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ አንዱን እንጨት ይዘው ቆሙ፤ ትንፋሽ የሚሰበስቡ ይመስል ነበር። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው አዘገሙ።

አምባቸው ከድንጋዩ ተነሳ። የድንጋዩ ዙሪያ በጭቃና በእበት የተመረገ ነው። ከሥሩ ባለው ጉድጓድ ካምና በጥቅምት የቀበረው ገብስ አለ፤ ለዘርም ለራሱም ይበቃኛል ብሎ ለማንም ያልነገረው። ክፉ ቀን ሲመጣ አወጣዋለሁ እያለ ስንት ወር ተቀመጠበት።

ራዲዮኑ ከእግር ኳሱ ወደ ፈረሱ አለፈ። ዶማው ጎተራው ጀርባ ነው፤ ሄዶ እስኪያመጣው አልጠበቀም። የዱላውን ብረት ምርጊቱ ውስጥ ሰቀሰቀው፤ ጭቃው ሲላቀቅ ከድንጋዩ ጠርዝ ሥር አስገብቶ በደረቱ ተጫነው። ወይራው ጎበጠ። የራዲዮኑ ሰውዬ በእንግሊዝኛ የአንድ ሰው ስም ጠራ፤ ቁጥርም ተናገረ። አምባቸው አልሰማውም።

"እትዬ ዓሊማ!" ብሎ ጮኸ። "ቁና ይዘው ይመለሱ!"

ድንጋዩ ተነቃነቀ፤ የታፈነ ገብስ ሽታ ወጣ። ዘንጉ ከብረቱ አንገት ከፍ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ግን አልተቆረጠም። ዱላው ድንጋዩን ደግፎ ቆመ፤ አምባቸውም በደረቱ ተኝቶ ክንዱን እስከ ትከሻው ጉድጓዱ ውስጥ አስገባ።